የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት በ1 ዓመት ወጪውን ይመልሳል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አሜሪካ ባለው ሐበሻ ዘንድ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ የተነበበ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። «አንተ ሙያው ውስጥ ስላለህ ምን ትላለህ?» የሚል ጥያቄ ተጨምሮበት ነው የሚመጣው። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ኡበርና ፓርኪንግ ይብቃችሁ። የ10 ወር የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ግቡ። ክፍያው 17 ሺህ ዶላር ነው። ስትጨርሱ ኤሌክትሪሺያን ናችሁ፤ ያወጣችሁትም በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል።

ጸሐፊው ክፉ አስበው አልጻፉትም። ሙያውን ማሞገሳቸውም ልክ ነው፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ፓይፕ እያጠፍኩና ሽቦ እየጎተትኩ ነው። ሂሳባቸው ግን ጎዶሎ ነው። ዋናውን ነገር ዘለውታል፦ ይኼ ሙያ እየተከፈለ የሚማሩት ሙያ ነው። ከኪሱ ከፍሎ ሊማረው የተነሳ ሰው በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ብዙው ሰው ደግሞ ያ ምክንያት የለውም።

«ስትጨርሱ ኤሌክትሪሺያን ናችሁ» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

አይደላችሁም። ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁ ሰርተፊኬት ነው። ላይሰንስ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ካውንቲው ወይም ከተማው። እነሱ ደግሞ ከምንም በፊት የሚጠይቁት «ላይሰንስ ባለው ሰው ሥር ስንት ጊዜ ሠርተሃል?» ብለው ነው። ቴክሳስ ለጆርኒማን፣ ማለትም ሙሉ ባለሙያ ለሚባለው ኤሌክትሪሺያን ላይሰንስ፣ 8,000 ሰዓት ይፈልጋል። ካሊፎርኒያም ለጄኔራል ኤሌክትሪሺያን ያው 8,000 ነው። ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው በዓመት 2,000 ሰዓት አካባቢ ይሠራል። ስለዚህ 4 ዓመት ማለት ነው።

እኛ ቨርጂኒያ የሚጠየቀው 4 ዓመት የሥራ ልምድና 240 ሰዓት የክፍል ትምህርት ነው። ልብ በሉ፣ 240 ሰዓት። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢማሩት በ40 ሳምንት ያልቃል። ቀን እየሠሩ ማለት ነው። ለዚህ ብሎ ሥራ ማቆምም 17 ሺህ ዶላር መክፈልም አያስፈልግም።

ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዋሽንግተን ስቴት ከጁላይ 2023 ጀምሮ ሕጉን አጥብቋል። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ጆርኒማን ለመሆን የተመዘገበ አፕረንቲስሺፕ፣ ማለትም እየሠሩና እየተከፈለ የሚማሩበት ፕሮግራም፣ መጨረስ ግድ ነው። እዚያ ስቴት «ትምህርት ቤት ጨርሼ፣ የሆነ ቦታ ሰዓት ሞልቼ እፈተናለሁ» ብሎ ማቀድ አይሠራም።

ትምህርት ቤቱ ሰዓት የሚቀንስበት ቦታ የለም ወይ? አለ። ሚኒሶታ ያጸደቀችውን የ2 ዓመት የኤሌክትሪክ ትምህርት ለጨረሰ ሰው 1 ዓመት ልምድ ትቆጥርለታለች። ጥሩ ነው። ግን አስሉት፦ 2 ዓመት ክፍል ተቀምጦ ከ4 ዓመቱ 1 ዓመት ቀነሰ። ጸሐፊው ያሉት የ10 ወር ኮርስ ደግሞ እዚያ ውስጥ እንኳ አይገባም።

ቀጥለው «ወጪው በአንድ ዓመት ይመለሳል» ብለዋል። እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ያስፈልጋል።

ጸሐፊው የቆጠሩት 17 ሺውን ብቻ ነው። 10 ወር ሙሉ ያልተሠራው ሥራ አልተቆጠረም። ቀለል ባለ ቁጥር እንየው። አንድ ሰው ትምህርት ቤቱን ትቶ በቀጥታ በሰዓት 20 ዶላር በረዳትነት ወይም በአፕረንቲስነት ገባ እንበል። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለ43 ሳምንት ሲሆን 34,400 ዶላር ይመጣል። 17 ሺውን ስትጨምሩበት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 51,400 ዶላር ደረሰ። ይኼ ታክስ ሳይነሳለት ነው፤ ለክፍያው የሚወሰደው ሎንም ወለድ ሳይገባበት።

«ማታ ማታ ኡበር እየነዱ መማር ይቻላል» ብለው ነበር። እሺ፣ ይቻላል። እንግዲያው ያልተሠራውን ሥራ ሙሉ በሙሉ ከሂሳቡ እናውጣው። የሚቀረው 17 ሺው ነው። አሁን ደግሞ አሠሪው ትምህርት ቤት ጨርሶ የመጣውን ልጅ ከዜሮ ከጀመረው በሰዓት 2 ዶላር አብልጦ ቀጠረው እንበል። በዓመት 2,080 ሰዓት ሲሆን ብልጫው 4,160 ዶላር ነው። 17 ሺው እስኪመለስ 4 ዓመት ከ1 ወር ይፈጃል። እዚያ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሁለቱም ልጆች የጆርኒማን ፈተና አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እውነቱን ለመናገር ያቺ የ2 ዶላር ብልጫ 4 ዓመት አትቆይም። ከዜሮ የጀመረው ልጅ እጁ ሲፈታ፣ ዓመት ሳይሞላ ይደርስበታል።

ለምን እንደሚደርስበት ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። አዲስ ልጅ ሳይት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሠራው ፓይፕ ማራገፍ፣ ዕቃ ማቀበል፣ መጥረግ፣ ቀዳዳ መብሳት ነው። ትምህርት ቤት ጨረሰም አልጨረሰም ይኼን አያመልጠውም። ከዚያ ፓይፕ ማጠፍ ይለምዳል። የግማሽ ኢንች ፓይፕ 90 ዲግሪ ስታጥፉ ከምትፈልጉት ቁመት ላይ 5 ኢንች ትቀንሱና እዚያ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። የሦስት ሩብ ከሆነ 6 ኢንች። ይኼን ትምህርት ቤቱ ውስጥ በስላይድ ያሳያሉ። ሳይት ላይ ጆርኒማኑ በአንድ ጠዋት ያሳያችኋል፤ የምታበላሹትን ፓይፕ ደግሞ የሚከፍለው ኩባንያው ነው። እናንተም በሰዓቱ ይከፈላችኋል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያቸው ላይ «የኦሻ ካርድ ይዛችሁ ትወጣላችሁ» ይላሉ። ኦሻ 10 የ10 ሰዓት የሥራ ደህንነት ኮርስ ነው። ኦንላይን ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ብዙ ኩባንያ ደግሞ ራሱ ያስተምራል።

ጽሑፉ ውስጥ ከሞላ ጎደል የተዘለለው ነገር አፕረንቲስሺፕ ነው። የተነሳው በአንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ዩኒየን የሚገባው ሰው ያለው ነው፤ ለእኛ ለስደተኞች አይሆንም።» ይኼ አባባል በጣም ያናደደኝ ነው። ብዙ ወገናችን ሳይሞክረው የሚተወው በዚህ ወሬ ምክንያት ነውና።

የዲሲን አካባቢ እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዩኒየኑ አይቢኢደብሊው ነው፤ የእኛ አካባቢው ቅርንጫፍ ሎካል 26 ይባላል። ከኮንትራክተሮቹ ማኅበር ጋር በጋራ የሚያሠራው ማሠልጠኛ ላንሃም፣ ሜሪላንድ ነው። ሥልጠናው 5 ዓመት ነው። ቀን ትሠራላችሁ፣ ትምህርቱን ጎን ለጎን ትማራላችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ አለ። እንዲህ ባለ ፕሮግራም መነሻው ብዙ ጊዜ ከጆርኒማኑ ደመወዝ ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ይሆንና እርከን በእርከን ይጨምራል። ኢንሹራንስና ጡረታም አለው። ዩኒየን የማይፈልግ ደግሞ አይኢሲ እና ኤቢሲ የሚባሉት የኮንትራክተሮች ማኅበራት የ4 ዓመት ፕሮግራም አላቸው። እዚያ የትምህርቱን ክፍያ ብዙ ጊዜ አሠሪው ይሸፍናል።

ለመግባት የሚጠየቀው ምን መሰላችሁ? የዩኒየኑ መስፈርት ግልጽ ነው፦ 18 ዓመት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ወይም ጂኢዲ (እሱን የሚተካው ፈተና)፣ የአንድ ዓመት አልጀብራ በማለፊያ ውጤት። ከዚያ ፈተና አለ። ሁለት ክፍል ነው፤ አልጀብራና የንባብ ችሎታ። ካለፋችሁ ኢንተርቪው። እዚህ ውስጥ «ሰው አለህ ወይ?» የሚል ሳጥን የለም። አገር ቤት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ አልጀብራው አያስፈራውም። የሚያስቸግረው ትራንስክሪፕቱ ነው። አስተርጉሞና አስገምግሞ ማቅረብ አለበት፤ ይኼ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጀምሩት። ከማትሪክ ሰርተፊኬቱ በተጨማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕትም ከትምህርት ቤታችሁ አስልኩ፤ አልጀብራው የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ወረፋ የለም አልልም። አለ። በኢንተርቪው ነጥብ ነው የምትደረደሩት፤ ወራት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ግን የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዩኒየን ያልሆነ ኮንትራክተር ጋር በረዳትነት ይገባል። ስቴቱ አፕረንቲስ ካርድ የሚጠይቅ ከሆነ ያወጣል። ቴክሳስ የአፕረንቲስ ላይሰንሱ 20 ዶላር ነው። ካሊፎርኒያ የትሬኒ ካርዱ 25 ዶላር። 17 ሺህ ከተባለው ጋር አስተያዩት።

ሌላም ጸሐፊው ያላነሱት ነገር አለ። እኛ አካባቢ የመንግሥት ሥራ ብዙ ነው። ዴቪስ ቤከን የሚባል የ1931 ሕግ አለ። ፌደራል መንግሥት በሚያሠራው ግንባታ ላይ ለእያንዳንዱ ሙያ የተወሰነውን ደመወዝ መክፈል ግዴታ ነው። ኮንትራክተሩ ከዚያ ያነሰ መክፈል የሚችለው በተመዘገበ ፕሮግራም ውስጥ ላለ አፕረንቲስ ነው። ያልተመዘገበ ልጅ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ከሠራ ሙሉውን ደመወዝ ሊከፍለው ነው። አሁን እናንተ ኮንትራክተር ብትሆኑ ማንን ትቀጥራላችሁ? የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት የያዘውን ወይስ ፕሮግራም ውስጥ ያለውን?

ወደ ደመወዙ እንምጣ። ጸሐፊው «ኤሌክትሪሺያን በዓመት 62 ሺህ ዶላር ነው የሚጀምረው» ብለዋል። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ያወጣው 62,350 ዶላር ነው። ግን እሱ መነሻ አይደለም፤ መካከለኛው ነው። ግማሹ ኤሌክትሪሺያን ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ ያገኛል ማለት ነው። ታች ያሉት 10 በመቶ ከ39,430 ዶላር በታች ናቸው። በሰዓት ሲመነዘር 19 ዶላር አካባቢ። አዲስ ገቢ ራሱን መፈለግ ያለበት ታችኛው ሰፈር ነው። ላይ ያሉት 10 በመቶ ደግሞ ከ106,030 ዶላር በላይ ያገኛሉ። ስድስት አሃዝ የሚባለው እውነት ነው፤ ግን የ10 ወር ጉዳይ አይደለም።

«የትራክ ሾፌር እጥፍ ነው» የተባለውም ውሃ አያነሳም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቢሮ፣ የከባድ መኪና ሾፌር መካከለኛ ገቢ 57,440 ዶላር ነው። ልዩነቱ 5 ሺህ አይሞላም። ትራክ ትታችሁ ወደዚህ የምትመጡ ከሆነ ለሌላ ምክንያት ይሁን። ማታ ቤታችሁ ታድራላችሁ፣ ልጆቻችሁን ታያላችሁ፣ ላይሰንሱ ሲያድግ የራሳችሁን ድርጅት መክፈት ትችላላችሁ። እነዚህ በቂ ምክንያቶች ናቸው። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ግን ደህና ትራክ ይነዳ የነበረ ሰው ገቢው ይወርዳል። ሚስቱና ልጆቹ ይኼን ቀድመው ማወቅ አለባቸው። የቤት ሞርጌጅ ያለው ሰውማ ቁጭ ብሎ ሊያስብበት ነው።

ገቢውን ወደ ላይ የሚጎትተው ምን እንደሆነ ጽሑፉ አይነግራችሁም። ኦቨርታይም ነው። ላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን አካባቢ ያለውን የዳታ ሴንተር ግንባታ ያየ ሰው ይገባዋል። አንዱ ሕንፃ ሳያልቅ ሌላው መሬት ይቆፈራል። ሳምንቱ ከ40 ሰዓት ሲያልፍ ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ 50ና 60 ሰዓት የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ገንዘቡ ደስ ይላል፤ ጉልበቱ ግን ይጨርሳል። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የለመደ ሰው ይቸገራል። በዚያ ላይ ግንባታ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ የነበሩ ሰዎች ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል።

«እንግሊዝኛ ብዙም አያስፈልግም፣ የእጅ ሥራ ነው» የሚለው ነጥብ አደገኛ ነው። ሙያው የሚመራው በኮድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ፣ መጽሐፍ ነው። ኤንኢሲ ይባላል፤ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። የጆርኒማን ፈተና በአብዛኛው መጽሐፉ ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ይኼ ሲባል ሰው ቀላል ይመስለዋል። ሰዓቱ ግን አጭር ነው፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ገጽ ሲገልጥ ያልቅበታል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ግድግዳ ላይ ያለች ተራ ሶኬት። ከጀርባዋ ሳጥን አለ። ሁለት የ12 ቁጥር ኬብል ገብቶበታል እንበል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሽቦና አንድ ግራውንድ (የመሬት ሽቦ)። ሽቦዎቹ 4 ተብለው ይቆጠራሉ። ሶኬቷ እንደ 2 ትቆጠራለች። ግራውንዶቹ በሙሉ አንድ ላይ 1። ሳጥኑ ውስጥ ማጥበቂያ ካለ ሌላ 1። ድምሩ 8። የ12 ቁጥር ሽቦ ለእያንዳንዱ 2.25 ኪዩቢክ ኢንች ይፈልጋል፤ ስለዚህ 18 ኪዩቢክ ኢንች። የ18 ሳጥን ልክ በልክ በቃ። አሁን አንድ ሦስተኛ ኬብል ብታስገቡ 22.5 ይሆናል፤ ኢንስፔክተሩ ይጥለዋል። ሲጥለው ዝም ብሎ ለማስቸገር አይደለም፤ ታፍኖ የገባ ሽቦ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ይኼን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማንበብና ማስላት ነው። እጅ ብቻውን አያሻግርም። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው በካውንቲ ወይም በላይብረሪ የሚሰጠው የነጻ ኢኤስኤል (የእንግሊዝኛ ትምህርት) የትኛውም የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ይሰጠዋል።

አገር ቤት ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ሰው «መንገዱ በግማሽ ያጥርለታል» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቲዎሪው ይጠቅማል፤ ፈተናው ላይ ይታወቃል። ግን አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ 120 እና 240 ነው፣ 60 ኸርዝ። እዚያ ሰማያዊው ኒውትራል ነው፤ እዚህ ኒውትራል ነጩ ነው፣ ሰማያዊው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያለበት ሊሆን ይችላል። ዲግሪ ያለው ሰው እዚህ ላይ ሲሳሳት የሚያገኘው ምላሽ ዲግሪ ከሌለው ሰው የተለየ አይደለም።

ዲግሪ ካነሳን አይቀር ጸሐፊው «ፔል ግራንት ይሸፍነዋል» ያሉት ላይ አንድ ከባድ ጉድለት አለ። ፔል የማይመለስ የፌደራል የትምህርት ድጎማ ነው፤ ጣሪያው ለ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ሬፊውጂና አሳይለም የተፈቀደለት ሰው ማመልከት ይችላል፤ የአሳይለም ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ግን አይችልም። ገቢያችሁም ይታያል፤ ትምህርት ቤቱም ፌደራል ያጸደቀው መሆን አለበት። ይኼ ሁሉ ተሟልቶ ጣሪያውን ብታገኙ እንኳ ከ17 ሺው 9,605 ዶላር ይቀራል። እሱ ሎን ነው።

ከባዱ ጉድለት ግን ይኼ አይደለም። ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው መደበኛውን ፔል አያገኝም። ዲግሪው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ የተሠራ ቢሆንም ያው ነው። ጽሑፉን ካነበበው ሕዝብ ስንቱ ዲግሪ ይዞ ነው ፓርኪንግ ውስጥ የተቀመጠው? ለእነሱ «ፔል ይሸፍነዋል» ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዲግሪ እንዳለው ፎርሙ ላይ ደብቆ የሞላ ሰው ደግሞ ኋላ መዘዝ ያመጣበታል።

ታዲያ ትምህርት ቤት ጭራሽ አይረባም ነው የምለው? አይደለም። ዋጋው ሲቀንስ ነገሩ ይለወጣል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን የመሰሉ ኮምዩኒቲ ኮሌጆች የኤሌክትሪክ ኮርስ አላቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ በኮምዩኒቲ ኮሌጆች በኩል ፋስትፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ኮርሱን ጨርሶ ሰርተፊኬቱን ላገኘ ነዋሪ የዋጋውን ሁለት ሦስተኛ ስቴቱ ይችላል። ሳይት ረግጦ የማያውቅ፣ መሣሪያ ይዞ የማያውቅ፣ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚል የጨነቀው ልጅ አጭርና ርካሽ ኮርስ ቢወስድ ይጠቅመዋል። ሙያውን ይወደው አይወደው ቶሎ ያውቃል። ከፍታ የሚፈራ ከሆነም መሰላል ላይ ሳይወጣ ይገባዋል።

በአንድ ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቴክኒክና ሙያ ማትሪክ የወደቀ ልጅ መሄጃ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከእኛ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። እዚህም ወላጅ ልጁን «ነርስ ሁን፣ ኮምፒውተር አጥና» ይላል እንጂ ሄልሜት አድርግ አይልም። እሱን ለመስበር መጻፋቸው ጥሩ ነው። ግን ልጁን ወደ ሙያው ስንመራው ወደ ትክክለኛው በር ይሁን።

የግል ትምህርት ቤት ለመግባት የቆረጠ ካለ ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ይኼ የክፍል ሰዓት በእኔ ስቴት ለላይሰንስ ይቆጠራል? ባለፈው ዓመት ከጨረሱት ስንቱ በኤሌክትሪክ ሥራ ተቀጠሩ፣ የትኞቹ ኩባንያዎች ቀጠሯቸው? መሀል ላይ ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል? በወር የምከፍለው ሎን ስንት ነው፣ ለስንት ዓመት? መልሱን በኢሜይል ይላኩላችሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ብቻ አትተዉት፤ ላይሰንስ ለሚሰጠው የስቴቱ ቢሮ ራሳችሁ ደውሉ። ስልኩን አንስተው ይመልሱላችኋል፤ ክፍያም የለውም። የፌደራሉ ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው ድረ ገጽም የትምህርት ቤቱን ስም ስታስገቡ ተማሪዎቹ በስንት ዕዳ እንደወጡና ኋላ ምን እንደሚያገኙ ያሳያል። ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት።